የማይታየው ሕመምና የአውቶቡስ ታሪፍ፦ የአእምሮ ሕሙማን የትራንስፖርት ቅናሽ ይገባቸዋልን?

ከካዛንቺስ ተነሥቶ መርካቶ አካባቢ ወደሚገኘው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ጊዜ ተሳፍሮ አይደርስም። በፒያሳ ወይም በሜክሲኮ በኩል መኪና ቀይሮ እስከ አውቶቡስ ተራ አቅራቢያ መጓዝ ይኖርበታል። ሕመምተኛው ብቻውን ለመጓዝ ካልቻለ ደግሞ አስታማሚ አብሮት ይሳፈራል። ስለዚህ አንድ የሕክምና ቀጠሮ የሁለት ሰዎችን የደርሶ መልስ ሒሳብ ይጠይቃል። ይህ ወጪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያበቃ አይደለም። መድኃኒቱ በሚወሰድበት ዘመን ሁሉ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ፣ በየወሩ ወይም በየጥቂት ወራቱ ይመላለሳል።

ከሰሜን ሸዋ፣ ከጎጃም ወይም ከወሎ ወደ ዋና ከተማዋ ለሚመጣ አርሶ አደር ደግሞ የከተማው አውቶቡስ የረጅሙ መንገድ የመጨረሻ ክፍል ነው። ከቀበሌው እስከ ወረዳ ከተማው፣ ከወረዳው እስከ አዲስ አበባ፣ ከዚያም እስከ ሆስፒታሉ በር የሚወጣው ገንዘብ ከጎተራው ተሸጦ የሚመጣ ነው። በዚህ የተነሣ “የአእምሮ ሕመምተኛ የአውቶቡስ ቅናሽ ሊያገኝ ይገባል ወይ?” የሚለው ጥያቄ የከተሜዎች ብቻ ጉዳይ ሆኖ አይቀርም።

ለጥያቄው ምላሽ ለመስጠት ሦስት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሕጉ ማንን አካል ጉዳተኛ ይለዋል? ቅናሽ በተግባር የሚሰጠው በምን መስፈርት ነው? የማይታይ ሕመም ያለበትን ሰውስ ማን፣ እንዴት ያረጋግጥለታል? በእነዚህ ሦስት ጥያቄዎች መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ሕመምተኞችን ከመንገድ የሚያስቀር ነው።

ቃሉ የሚለውና ሕጉ የሚለው

በአማርኛ “አካል ጉዳተኛ” ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሯችን የሚመጣው በክራንች የሚሄድ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀስ ወይም ነጭ በትር የያዘ ሰው ነው። “አካል” የሚለው ቃል ራሱ ዐይናችንን ወደ እጅና እግር ይመራዋል። አእምሮው የታመመ ሰው ቆሞ ይሄዳል፣ ያያል፣ ይሰማል፤ ስለዚህ በብዙዎች ግምት ከዚህ ስያሜ ውጭ ነው።

የሀገሪቱ ሕግ ግን እንዲህ አይልም። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን ለመርዳትና ለማቋቋም ሀብት እንደሚመድብ ደንግጓል። በዚህ ድንጋጌ አእምሮ ከአካል ጎን ተጠቅሷል።

የአካል ጉዳተኞችን የሥራ ስምሪት መብት የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000ም ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። በአዋጁ ትርጓሜ አካል ጉዳተኛ የሚባለው የአካል፣ የአእምሮ ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ደርሶበት፣ ከዚሁ ጋር በሚመጣ ኢኮኖሚያዊ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መድልዎ ምክንያት የእኩል ሥራ ዕድል የሚጓደልበት ሰው ነው። ትርጓሜው ጉዳቱን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱን ተከትሎ የሚመጣውን መገለል ጭምር ይቆጥራል። ከአእምሮ ሕመምተኛ የበለጠ መገለል የሚደርስበት ሰው ደግሞ በገጠርም ሆነ በከተማ ብዙ አይገኝም።

ሦስተኛው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ነው። ስምምነቱ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም በመንግሥታቱ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 ተቀብላዋለች። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት ሀገሪቱ ያጸደቀችው ዓለም አቀፍ ስምምነት የሀገሪቱ ሕግ አካል ነው። የስምምነቱ አንቀጽ 1 ረጅም ጊዜ የሚቆይ የአካል፣ የአእምሮ፣ የአእምሮ ዕድገት ወይም የስሜት ሕዋሳት ጉዳት ያለባቸውን፣ ይህም ከሌሎች መሰናክሎች ጋር ተዳምሮ በኅብረተሰቡ ውስጥ ሙሉ ተሳትፎ እንዳያደርጉ የሚያግዳቸውን ሰዎች ያካትታል።

ከዚሁ ስምምነት ሁለት አንቀጾች ለጉዳያችን በቀጥታ ይጠቅማሉ። አንቀጽ 20 አካል ጉዳተኞች በመረጡት መንገድና ጊዜ፣ አቅማቸው በሚችለው ዋጋ እንዲንቀሳቀሱ መንግሥታት ማመቻቸት እንዳለባቸው ይናገራል። አንቀጽ 25 ደግሞ የጤና አገልግሎት፣ ገጠሩን ጨምሮ፣ በተቻለ መጠን ለሰዎቹ መኖሪያ ቅርብ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል። አንደኛው ለመንገደኛው ታሪፍ ያስባል፤ ሁለተኛው መንገዱን ያሳጥራል።

እነዚህ ሕጎች ግን የአውቶቡስ ትኬት ዋጋን በስም ጠርተው አይናገሩም። ስንት በመቶ ይቀነስ፣ በየትኛው መሥመር፣ በምን ማስረጃ የሚሉትን ዝርዝሮች ለአስተዳደር አካላትና ለአገልግሎት ሰጪ ድርጅቶች ትተዋቸዋል። የአእምሮ ሕመምተኛው የሚጠፋውም እዚህ ላይ ነው። ትርጓሜው ውስጥ አለ፤ በሩ ላይ ግን ዐይን የሚያየው ምልክት የለውም።

መለየት የሚገባቸው ነገሮች

በዕለት ንግግር “የአእምሮ ሕመም” እና “የአእምሮ ዕድገት ውስንነት” ሲደባለቁ ይሰማል። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ከልጅነት ጀምሮ የሚታይ፣ የመማርና ራስን የመምራት አቅምን የሚገድብ ሁኔታ ነው። የአእምሮ ሕመም ግን በማንኛውም ዕድሜ ሊጀምር ይችላል። ሲያስተምር የነበረ መምህር፣ ሲያርስ የነበረ ጎልማሳ ወይም በቅርቡ የወለደች እናት ልትታመም ትችላለች። ስኪዞፍሬኒያ፣ ባይፖላርና ከባድ ድብርት ከዚህ ወገን የሚቆጠሩ ናቸው። በሕክምና የሚሻሻሉና እየተመላለሱ የሚነሡ መሆናቸው ለመስፈርት አስቸጋሪ ያደርጋቸዋል። ዛሬ ደኅና የሚመስለው ሰው ደኅና የሆነው መድኃኒቱን ስለሚወስድ ሊሆን ይችላል።

የሚጥል በሽታም በዚህ ረገድ መጠቀስ አለበት። በሽታው የነርቭ ሕመም ቢሆንም፣ በሀገራችን በብዙ ጤና ተቋማት ሕክምናው የሚሰጠው በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ለዕለታዊ መድኃኒቱ ይመላለሳል፤ መኪና መንዳትም ለአደጋ ያጋልጠዋል። ስለዚህ በሕዝብ ትራንስፖርት ላይ ያለው ጥገኝነት ከሌላው የጎላ ነው።

ሁሉም ዐይነት የአእምሮ ጤና ችግር ግን በአንድ ሚዛን አይመዘንም። ለጥቂት ሳምንታት የሚቆይ ጭንቀትና ለዓመታት ክትትል የሚያስፈልገው ሕመም የተለያዩ ናቸው። ስምምነቱ “ረጅም ጊዜ የሚቆይ” ማለቱ ይህን ልዩነት ለማበጀት ነው። ተገቢው መመዘኛም ሕመሙ በሰውየው መንቀሳቀስና መሥራት ላይ ያሳደረው ጫና ምን ያህል ከባድ ነው፣ ምን ያህልስ ይቆያል የሚለው ነው። የሕመሙ ስም ብቻውን ይህን አይመልስም።

የትኬት ዋጋ እንዴት የሕክምና ጉዳይ ይሆናል?

ለከባድ የአእምሮ ሕመም ከሚሰጡ መድኃኒቶች መካከል በየዕለቱ የሚዋጡ እንክብሎች አሉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚሰጥ መርፌም አለ። በሀገራችን በስፋት የሚታወቀው ፍሉፌናዚን የተባለው መርፌ ከዚህ ወገን ነው። የመርፌው ጥቅም ሕመምተኛው በየቀኑ እንክብል ከማስታወስ መዳኑ ነው። ጉዳቱ ደግሞ አንድ ቀጠሮ በገንዘብ እጦት ቢያልፍ የአንድ ቀን ሳይሆን የአንድ ወር ሕክምና አብሮ ማለፉ ነው።

ሕክምናው ሲቋረጥ ሕመሙ ተመልሶ ይነሣል። ሲመለስም ቤተሰቡን ለበለጠ ወጪ ይዳርጋል። በአውቶቡስ ይመጣ የነበረው ሰው በኮንትራት መኪና፣ ሦስትና አራት ሰዎች ደግፈውት ይመጣል። አልጋ ይይዛል፤ አስታማሚው ሥራውን ትቶ ሆስፒታል ይከርማል። አርሶ አደር ከሆነ እርሻው ሳይታረስ፣ ወይም ሰብሉ ደርሶ ሳይታጨድ ይቀራል። ገበሬው እንደሚያውቀው ወቅቱን የሳተ ዘር በኋላ በሚደረግ ልፋት አይካካስም። ወቅቱን የሳተ መድኃኒትም ከዚህ አይለይም።

የጉዳዩን ክብደት የሚያሳይ ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ተካሂዷል። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለ10 ዓመት የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ይህ ጥናት፣ በሕሙማኑ ላይ የደረሰው ሞት ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ እንደሆነ አመልክቷል። ሕሙማኑ ከሚጠበቀው ዕድሜ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ይሞቱ ነበር፤ ለግማሽ ያህሉ ሞት ምክንያቱ ተላላፊ በሽታ ነበር። ይህ የሚነግረን ሕሙማኑ ለአእምሮ ሕመማቸው ብቻ ሳይሆን ለሌላውም በሽታ በቂ ሕክምና ሳያገኙ እንደሚቀሩ ነው። ወደ ሕክምና የሚወስደው መንገድ ሲዘጋ የሚዘጋው ለአንድ በሽታ ብቻ አይደለም።

የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን የሕክምናውን ወጪ ለብዙ ቤተሰቦች አቃልሏል። መክፈል ለማይችሉ ነዋሪዎች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራርም አለ። ሆኖም መድኑ የሚከፍለው ለምርመራውና ለመድኃኒቱ እንጂ ለጉዞው አይደለም። ስለዚህ ሕክምናው በነጻ ሆኖ ሳለ መንገዱ የሚያስከፍልበት ሁኔታ ይፈጠራል።

ካዛንቺስና ቂርቆስ፦ መብት በመደብ የሚታደልበት ሠፈር

ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ ከነበረው የጣሊያን ተቋም ምኅጻረ ቃል ነው። ሠፈሩ ከስሙ ጀምሮ ለአንድ የተለየ የሰዎች መደብ የተሰጠ ጥቅም ያስታውሳል። ዛሬም በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ዋና መሥሪያ ቤትም ከእስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ራቅ ሳይል በዚሁ አካባቢ ይገኛል። በማለዳና በማታ የመንግሥት ሠራተኞች መታወቂያቸውን አሳይተው ያለ ክፍያ የሚጓጓዙባቸው የፐብሊክ ሰርቪስ አውቶቡሶች በእነዚህ መንገዶች ይመላለሳሉ።

የዚህ አሠራር ትምህርት ቀላል ነው። የትራንስፖርት ጥቅም ለአንድ ወገን ሲሰጥ ሦስት ነገሮች ይሟላሉ፦ ወገኑ በግልጽ ተለይቷል፣ የሚያረጋግጥለት መሥሪያ ቤት አለ፣ በበሩ ላይ የሚያሳየው ካርድ አለው። የአእምሮ ሕመምተኛ እነዚህ ሦስቱም አይሟሉለትም። የሚጎድለው የመብት መነሻ አይደለም፤ መነሻው በሕገ መንግሥቱ ውስጥ እንዳለ አይተናል። የሚጎድለው ከሕጉ እስከ አውቶቡሱ በር ያለው ድልድይ ነው።

ለካዛንቺስ ነዋሪዎች ጉዳዩ በቅርብ ዓመታት ሌላ ገጽታ ይዟል። በ2017 ዓ.ም በኮሪደር ልማት ምክንያት ከሠፈሩ የተነሡ በርካታ ነዋሪዎች በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ ወደሚገኘው ገላን ጉራና ወደ ሌሎች መንደሮች ተዛውረዋል። በመሀል ከተማ ይኖር የነበረ ሕመምተኛ ገንዘብ ባጣ ጊዜ ከፊሉን መንገድ በእግሩ ሊሸፍን ይችል ነበር። ከዳርቻ የሚነሣ ሰው ግን ይህ ምርጫ የለውም፤ ርቀቱ ሲረዝም ታሪፉም፣ የሚቀያየረው መኪናም ይጨምራል። ቀድሞ ሕመምተኛውን የሚያውቁት ጎረቤት፣ ዕድርተኛና የመንደር ባለሱቅ በተለያየ አቅጣጫ ሲበተኑ ደግሞ “ዛሬ እኔ ላድርሰው” የሚል ሰው ማግኘትም ይከብዳል።

የሌሎች ሀገሮች ልምድ

ይህን ጥያቄ በሕግ ዝርዝር ለመመለስ የሞከሩ ሀገሮች አሉ። እንግሊዝ አንዷ ናት። በዚያ እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 1 ቀን 2008 ጀምሮ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች በመላ እንግሊዝ በአካባቢ አውቶቡሶች በነጻ እንዲጓዙ ተደርጓል። አካል ጉዳተኛ የሚባለው ማን እንደሆነ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የትራንስፖርት ሕግ በሰባት ተራ ዘርዝሯል። ማየት የተሳናቸው ወይም በከፊል የሚያዩ፣ መስማት የተሳናቸው፣ መናገር የማይችሉ፣ ለመራመድ ከባድና ዘላቂ ችግር ያለባቸው፣ ሁለት እጆቻቸውን መጠቀም የማይችሉ፣ የመማር አቅም ውስንነት ያለባቸው፤ ሰባተኛው ደግሞ የመንጃ ፈቃድ ቢጠይቁ በጤና ምክንያት የሚከለከሉ ሰዎች ናቸው።

ልብ ብሎ ላነበበው በዝርዝሩ ውስጥ “የአእምሮ ሕመም” የሚል ተራ የለም። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው የሚገባው በሰባተኛው በር ነው። መሪ በእጁ ነክቶ የማያውቅ፣ መኪና ለመግዛትም ያላሰበ ሰው “ፈቃድ ብትጠይቅ ኖሮ ትከለከል ነበር” በሚል ምክንያት የነጻ ጉዞ ካርድ ያገኛል። መንገዱ ጠመዝማዛ ይምሰል እንጂ አመክንዮ አለው፤ መንዳት የማይፈቀድለት ሰው የሕዝብ ትራንስፖርት ሊመቻችለት ይገባል የሚል ነው። ጉድለቱም ግልጽ ነው። ለመንዳት የማያግድ፣ ነገር ግን ከቤት ለመውጣትና ሥራ ለመያዝ የሚያስቸግር ሕመም ያለበት ሰው ከበሩ ውጭ ይቀራል። በዚህ ምክንያት አንዳንድ የለንደን አስተዳደሮች ከሰባቱ ተራ ውጭ ላሉ የአእምሮ ሕሙማን በራሳቸው ውሳኔና ወጪ የጉዞ ካርድ ይሰጣሉ። ለአስታማሚ የሚሰጠው ካርድም በሀገር አቀፉ ሕግ የታዘዘ ሳይሆን ለየአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ የተተወ ነው።

ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። በእንግሊዝ የነጻ ጉዞው ግዴታ በሥራ ቀናት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 እስከ ምሽቱ 5 ሰዓት ነው። ይህ ገደብ እንዳለ ወደ እኛ ቢመጣ ካርዱን ከንቱ ያደርገው ነበር። በሀገራችን የመንግሥት ሆስፒታል ታካሚ ካርድ ለማውጣት በማለዳ ይሰለፋል። ከጠዋቱ 3፡30 በኋላ የተሳፈረ ሰው ተራው ካለፈ በኋላ ሊደርስ ይችላል። ልምድ ሲወሰድ ቅርጹን ብቻ ሳይሆን የእኛን ውሎ አብሮ ማየት እንደሚገባ ይህ አንድ ምሳሌ ነው።

አየርላንድ ሌላ መንገድ ተከትላለች። የነጻ ጉዞ ዕቅዷ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረ ሲሆን፣ ከጡረተኞች በተጨማሪ መንግሥት በአካል ጉዳት ምክንያት በየጊዜው ድጎማ የሚከፍላቸውን ሰዎች ያቅፋል። በዚህ አሠራር የአውቶቡሱ ሠራተኛ ስለ ሕመሙ አይጠይቅም፤ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱም ሕመምን አይመረምርም። ሰውየው ለድጎማው ብቁ መሆኑ አስቀድሞ በሌላ መሥሪያ ቤት ተረጋግጧል፤ የጉዞ ካርዱ ያንኑ ተከትሎ ይመጣል። ብቻውን መጓዝ ለማይችል ሰው አጃቢው አብሮት በነጻ የሚሄድበት ካርድም አለ።

ለእኛ የትኛው በር ይቀርባል?

ሁለቱን ስናነጻጽር እንግሊዝ ሰውየውን “ምን ሆነሃል?” ትላለች፤ አየርላንድ ደግሞ “ከየትኛው ድጋፍ ታቅፈሃል?” ትላለች። ለእኛ ሀገር ሁለተኛው መንገድ ይቀላል፤ ምክንያቱም መነሻው አለ።

በገጠር ከ1997 ዓ.ም፣ በከተማ ደግሞ አዲስ አበባን ጨምሮ ከ2009 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራው የልማታዊ ሴፍቲኔት መርሐ ግብር ተጠቃሚዎችን በሁለት ይከፍላል። ጉልበት ያላቸው በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋሉ። መሥራት የማይችሉ አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በጽኑ የታመሙ ሰዎች ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኛሉ። የጤና መድን መዋጮ የሚሸፈንላቸው ነዋሪዎችም እንዲሁ በየአካባቢያቸው ተለይተው ተመዝግበዋል። እነዚህ መዝገቦች ፍጹም ባይሆኑም በየደረጃው የሚያውቃቸው ኮሚቴ፣ የሚያዘምናቸው ጽሕፈት ቤት አላቸው። የትራንስፖርት ቅናሽ ከእነዚህ መዝገቦች ጋር ቢያያዝ አዲስ የምርመራ ቢሮ ማቋቋም አያስፈልግም።

መዝገቡ ብቻውን ግን አይበቃም። ሴፍቲኔት ውስጥ ያልገባ፣ ሆኖም በየወሩ ለመርፌ የሚመላለስ ሕመምተኛ አለ። ለእርሱ ሁለተኛ በር ያስፈልጋል። ይህም የሚያክመው ተቋም የሚሰጠው ማረጋገጫ ነው። ማረጋገጫው የሕመሙን ስም መጻፍ አይኖርበትም። ግለሰቡ የረጅም ጊዜ ክትትል ላይ መሆኑን፣ በየስንት ጊዜው እንደሚመላለስና አጃቢ የሚያስፈልገው መሆን አለመሆኑን መግለጽ ይበቃል።

ስሙን አለመጻፍ ለምን እንዳስፈለገ ግልጽ ነው። አበው “በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም” ይላሉ። ምክሩ ለሐኪም ፊት ትክክል ነው፤ ለአውቶቡስ ሰልፍ ግን አይሆንም። “የአእምሮ ሕመምተኛ” የሚል ካርድ በሰው መሀል የሚያወጣ ሰው ከትኬቱ ዋጋ የሚበልጥ ሌላ ዋጋ ይከፍላል። አብረውት የተሰለፉት ይሸሹታል፤ ጎረቤት ካየው ወሬው ሠፈር ይደርሳል፤ ሥራ የሚፈልግ ከሆነ ዕድሉ ይጠብባል። ብዙዎች ይህን ከሚከፍሉ ሙሉ ታሪፉን መክፈልን፣ ያም ካልተቻለ ቀጠሮውን መተውን ይመርጣሉ። ስለዚህ ለሁሉም የቅናሽ ተጠቃሚ፣ ለአረጋዊውም፣ ማየት ለተሳነውም፣ ለአእምሮ ሕመምተኛውም፣ ቀለሙም ጽሑፉም አንድ የሆነ ካርድ መሰጠት አለበት። ምክንያቱ በመዝገብ ላይ ይቀመጥ እንጂ በካርዱ ላይ አይነበብ።

የሚነሡ ስጋቶችም ቸል የሚባሉ አይደሉም። የመጀመሪያው የገንዘብ ነው። የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ቀድሞውንም በድጎማ የሚሠራ ነው፤ ቅናሽ ሲጨመር ሸክሙ የከተማ አስተዳደሩ ይሆናል። ይህ እውነት ቢሆንም ሒሳቡ በአውቶቡሱ ብቻ ተሠርቶ አያልቅም። ሕመሙ ተነሥቶበት ሆስፒታል የተኛ ሰው የሚያስወጣው የአልጋ፣ የምግብና የመድኃኒት ወጪም ከዚያው ከሕዝብ ኪስ የሚወጣ ነው። አውቶቡሱ ከቆጠበው ሆስፒታሉ ከፈለው ማለት ነው።

ሁለተኛው ስጋት ማጭበርበር ነው። የማይታይ ሕመም ለሐሰተኛ ማስረጃ ይመቻል የሚሉ አሉ። ለዚህ መፍትሔው ካርዱን ዘመን መስጠት ነው። ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት የሚያገለግልና በሕክምና ክትትል መዝገብ የሚታደስ ካርድ ሐሰተኛውን ያሳጣል፤ የዳነውንም በክብር ያሰናብታል። ለታመመው ደግሞ ክትትሉን እንዳያቋርጥ አንድ ተጨማሪ ምክንያት ይሆነዋል።

ሦስተኛው ስጋት ሕመምተኛ በአውቶቡስ ውስጥ ሌላውን ተሳፋሪ ያውካል የሚል ነው። በዚህ ስጋት ውስጥ ያለው የተሳሳተ ሐሳብ መታረም አለበት። ሕክምና ላይ ያለ ሰው ዛሬም ከጎናችን ተሳፍሮ ይሄዳል፤ የማናውቀው ሕክምናው ስለሠራለት ነው። በጎዳና ላይ የምናየውና የምንፈራው ሰው ብዙ ጊዜ ሕክምናው የተቋረጠበት ወይም ጨርሶ ያልደረሰው ነው። ሕክምናውን ማቅረብ ስጋቱንም ያቀልለዋል።

መንገዱን ማሳጠርም ቅናሽ ነው

ለገጠሩ ነዋሪ ከታሪፍ ቅናሽ የበለጠ የሚጠቅመው አንዳንድ ጊዜ ጭራሽ አለመጓዝ ነው። በጉራጌ አካባቢ በሶዶና በአጎራባች ወረዳዎች የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሕመማቸው ከተረጋጋ በኋላ በሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲታከሙ የሚያገኙት ውጤት፣ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው ሕክምና እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ማለት ሕመሙ በሆስፒታል ተለይቶ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው፣ ክትትሉን በአቅራቢያው ጤና ጣቢያ መቀጠል ይችላል ማለት ነው። በስምምነቱ አንቀጽ 25 የተጠቀሰው የቅርብ አገልግሎት በተግባር የሚገለጸው እንዲህ ነው።

በከተማም እንዲሁ ነው። ክትትሉን በአቅራቢያው በሚገኝ የመንግሥት ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ማድረግ የሚችል ሕመምተኛ ሁሉ ወደ አማኑኤል መመላለስ የለበትም። ከመሀል ከተማ ወደ ዳርቻ የተዛወሩ ነዋሪዎችም የሕክምና ክትትላቸው ወደ አዲሱ መኖሪያቸው እንዲዛወር መጠየቅ ይጠቅማቸዋል።

አሁን ምን ማድረግ ይቻላል?

ዝርዝር አሠራር እስኪዘረጋ ድረስ ሕመምተኞችና ቤተሰቦቻቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ማስረጃ መያዝ ነው። የቀጠሮ ካርድ፣ የመድኃኒት ማዘዣና የሪፈር ወረቀት በአንድ ላይ በጥንቃቄ ይቀመጡ። አንድ ሰው የረጅም ጊዜ ክትትል ላይ ለመሆኑ ከእነዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ሁለተኛው ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ሕመሙ የተረጋጋ ከሆነ የሚሰጠው መድኃኒት ለረዘመ ጊዜ ሊሆን ይችላል ወይ? ክትትሉ ወደ ቅርብ ጤና ጣቢያ ሊላክ ይችላል ወይ? የአእምሮና የሌላ ሕመም ቀጠሮዎች በአንድ ቀን ሊሆኑ ይችላሉ ወይ? እነዚህን መጠየቅ ነውር የለበትም። የሕክምና ባለሙያው የታካሚውን ኪስ ካልተነገረው በቀር አያውቅም። ይሁን እንጂ መድኃኒትን በራስ ውሳኔ ማራዘም፣ መቀነስ ወይም ማቆም ወደ ከፋ ችግር ይመራል።

ሦስተኛው በመዝገብ መግባት ነው። በከተማ በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ በገጠር በቀበሌው አስተዳደርና በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በኩል፣ በሴፍቲኔት ቀጥታ ድጋፍም ሆነ በጤና መድን የክፍያ ሽፋን ምልመላ ወቅት የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤተሰብ ሁኔታውን ማስረዳት አለበት። በምልመላው ስብሰባ ላይ “እገሌ ጤነኛ ነው፤ እጅና እግሩ ሙሉ ነው” የሚል አስተያየት ሲነሣ፣ ሕጉ አካል ብቻ ሳይሆን አእምሮም እንደሚል መናገር የሁሉም ነዋሪ ድርሻ ነው።

አራተኛው በአንድ ድምፅ መጠየቅ ነው። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራት የከተማ ትራንስፖርትን በሚመለከት በሚያቀርቡት ጥያቄ ውስጥ የአእምሮ ሕሙማን ጉዳይ በስሙ ተጠቅሶ እንዲገባ ማድረግ ያስፈልጋል። ማየት የተሳነው ሰው ስለ ድምፅ ማሳወቂያ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚንቀሳቀሰው ስለ አውቶቡሱ መወጣጫ ይጠይቃል። የአእምሮ ሕመምተኛው ደግሞ ስለ ታሪፉ፣ ስለ አጃቢውና ስለ ምስጢሩ ይጠይቃል። የጥያቄው ዐይነት ቢለያይም የሕጉ መሠረት አንድ ነው።

በሕጉ የተጻፈው “አእምሮ” የሚለው ቃል በሥራ ላይ ዋለ የሚባለው፣ ከካዛንቺስም ሆነ ከገላን ጉራ፣ ከደብረ ብርሃንም ሆነ ከደሴ የተነሣ ሕመምተኛ በቀጠሮው ቀን፣ ማንነቱን ለሰልፈኛ ሳያስረዳ፣ ተሳፍሮ መድረስ ሲችል ነው።